መኪናው ከመገዛቱ በፊት ኢንሹራንሱ ይጠየቅ፦ ሚኒሶታ ለገቡ ወገኖቻችን

ከሚኒያፖሊስና ከሴንት ፖል አካባቢ አንድ ጥያቄ ተደጋግሞ ይደርሰናል፦ «ከመጣሁ ጥቂት ወራት ሆነኝ፤ መኪና ለመግዛት ስንት ዶላር ይበቃኛል?» ዛሬ ይህንን እናያለን። ግን ጥያቄውን ትንሽ እናዞረዋለን። መኪናው ስንት ነው ከማለት በፊት ኢንሹራንሱ ስንት ነው፣ ምንስ ይሸፍናል ማለት ይቀድማል። ምክንያቱን እየሄድን እናየዋለን።

መኪና ለምን ያስፈልጋል የሚል ክርክር ውስጥ አንገባም። ግሪን ላይን ሁለቱን ከተሞች ያገናኛል፣ ብሉ ላይን ኤርፖርትና ሞል ኦፍ አሜሪካ ያደርሳል፤ ጥሩ ነው። ሻካፒ መጋዘን የሌሊት ፈረቃ የገባ ሰው ወይም ከአንድ አረጋዊ ቤት ወደ ሌላው እየዞረ የሚንከባከብ ሰው ግን በጥር ብርድ አውቶቡስ እየጠበቀ አይዘልቅም። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሰው ሥራው እንዳያመልጠው ይቸኩላል፣ የተገኘውን መኪና ይገዛል፣ ኢንሹራንስ ደግሞ «ርካሹን ስጡኝ» ብሎ ይፈርማል።

«ኖ-ፎልት» ሲባል ምን ማለት ነው?

አገር ቤት የለመድነው ቀላል ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ሦስተኛ ወገን ግዴታ ነው፣ አቅም ያለው ደግሞ ሙሉ ኢንሹራንስ ይገባል። ሚኒሶታ ግን ትንሽ ይለያል። ስቴቱ «ኖ-ፎልት» የሚባለውን ሥርዓት ከ1975 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ ይሠራበታል። ቃሉን የሰማ ሰው «ጥፋተኛ የለም፣ ማንም ቢገጭ ሁሉም ይሸፈናል» ብሎ ይረዳዋል። እንደዛ አይደለም። ኖ-ፎልት የሚመለከተው የሰውን አካል ነው፤ መኪናውን አይነካም።

አሠራሩ ይኸው ነው። ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን፣ የተጎዳው ሰው መጀመሪያ ወደ ራሱ ኢንሹራንስ ይሄዳል። ሕጉ የሚያስገድደው ዝቅተኛ መጠን ለአንድ ሰው 40,000 ዶላር ነው፤ ግማሹ ማለትም 20,000 ለሕክምና፣ ሌላው 20,000 ደግሞ ሥራ በመቅረት ለሚታጣ ገቢና ለመሳሰለው ወጪ። ለታጣ ገቢ የሚከፈለው የደመወዙ 85 በመቶ ሲሆን በሳምንት እስከ 500 ዶላር ይደርሳል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። ይህ ሽፋን ሰውየውን ተከትሎ ይሄዳል። የራሳችሁ ኢንሹራንስ ካላችሁ፣ በጓደኛ መኪና ተሳፍራችሁ ብትጎዱ እንኳን መጀመሪያ የሚከፍለው የእናንተው ነው። አብራችሁ በአንድ ቤት የምትኖር ባለቤታችሁ ወይም ልጃችሁ በእግር መንገድ ሲያቋርጡ መኪና ቢገጫቸውም እንዲሁ። ስለዚህ በየወሩ የምትከፍሉት ለመኪናው ብቻ አይደለም፣ ለቤተሰቡ ጭምር ነው። በተቃራኒው ደግሞ የራሱ መኪና እያለው ኢንሹራንስ ሳይገባ የሚነዳ ሰው ይህን መብት ያጣል። ኢንሹራንስ ለሌላቸው ተጎጂዎች ስቴቱ ያዘጋጀው መጠባበቂያ አለ፤ መኪናውን ኢንሹራንስ ያላስገባ ባለቤት ግን ከዚያ አይጠቀምም። የሆስፒታሉ ሒሳብ በራሱ ጫንቃ ላይ ይቀራል ማለት ነው። ከዚያ ላይ ኢንሹራንስ ሳይኖር መንዳት ወንጀል ነው፤ መቀጫው ከ200 ዶላር ይጀምራል፣ መንጃ ፈቃድም ያስነጥቃል።

አሁን ወደ ብረቱ እንምጣ። ሌላ ሰው ላይ ለምታደርሱት ጉዳት ሕጉ የሚጠይቀው ዝቅተኛ «ላያቢሊቲ» ለአንድ ሰው አካል 30,000፣ በአንድ አደጋ ለሁሉም 60,000፣ ለንብረት ደግሞ 10,000 ዶላር ነው። የመጨረሻዋን ቁጥር ልብ በሉ። አሥር ሺህ! ዛሬ ሀይዌይ 94 ላይ ከፊታችሁ ያለው መኪና ስንት ያወጣል? አርባ ሺህ የሚያወጣ መኪና ከጥቅም ውጭ ብታደርጉ ኢንሹራንሳችሁ አሥር ሺውን ከፍሎ ይወጣል፤ የቀረውን የሚጠይቀው እናንተን ነው። በፍርድ ቤት ተወስኖባችሁ ካልከፈላችሁ መንጃ ፈቃዳችሁ እስከመታገድ ይደርሳል። ዝቅተኛውን ከገዛችሁ የራሳችሁ መኪና ጥገናም የለም፤ ጥፋቱ የእናንተ ከሆነ ወይም መንገዱ በበረዶ አንሸራቷችሁ እንጨት ከገጫችሁ በቃ፣ ከኪስ ነው። ያንን የሚሸፍነው «ኮሊዥን» ነው። ስርቆት፣ በረዶ ድንጋይ፣ መንገድ አቋርጦ የገባ አጋዘን ደግሞ «ኮምፕሪሄንሲቭ» በሚባለው ይገባሉ።

እንግዲህ የእኛ አስተያየት ይህ ነው፦ የንብረቱን ሽፋን ከ10,000 ወደ 50,000 ወይም ወደ 100,000 ለማሳደግ የሚጨመረውን ዋጋ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ሰው ከሚፈራው ያነሰ ነው። ወርኃዊውን ለመቀነስ ከፈለጋችሁ ላያቢሊቲውን ከመቁረጥ ይልቅ ዲዳክቲብሉን ማሳደግ ይሻላል፤ ማለትም አደጋ ሲደርስ ከኪሳችሁ ቀድማችሁ የምትከፍሉትን። አንድ ሺህ ዶላር ተበድሮም ይገኛል፣ ሰላሳ ሺህ ግን ከየት ይመጣል?

በሰው ስም መግዛት

ይህን ነጥብ በደንብ እንድታነቡት እንፈልጋለን፣ ምክንያቱም በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ የተለመደ ነው። አዲስ የመጣ ሰው መንጃ ፈቃድ የለውም፣ ክሬዲት የለውም። ስለዚህ የአክስቱ ልጅ ወይም የቤተ ክርስቲያን ወዳጁ «በስሜ ይሁን፣ ችግር የለም» ይላል። ደግነቱን እናከብራለን። ግን በሚኒሶታ ሕግ መኪናውን ፈቅዶ የሰጠ ባለቤት፣ ሹፌሩ ላደረሰው ጉዳት አብሮ ተጠያቂ ነው። ሊብሬው፣ እዚህ «ታይትል» የሚሉት፣ በማን ስም ነው? የሚከሰሰው እሱ ጭምር ነው። ብድሩ ላይ አብሮ ከፈረመ ደግሞ ዕዳው በሙሉ የእሱም ነው፤ አንድ ወር ክፍያ ሲዘገይ የሚበላሸው የሁለታችሁም ክሬዲት ነው።

ኢንሹራንሱ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በየቀኑ መኪናውን የምትነዱት እናንተ ሆናችሁ ስማችሁ በውሉ ላይ ከሌለ፣ ኩባንያው አደጋ በደረሰ ቀን «ይህን ሹፌር አልነገራችሁኝም» ብሎ ክፍያውን ሊከራከር ይችላል። ለወራት የተከፈለው ገንዘብ ያን ጊዜ አያድንም። የግድ በሰው ስም ከሆነ ቢያንስ የምትነዱት እናንተ መሆናችሁ ለኢንሹራንሱ ይነገር፣ ስማችሁ ይግባ። ዋጋው ይጨምራል፤ ይጨምር።

ደግሞም ነገሩ ከድሮው ቀሏል። ገዥው ቲም ዋልዝ በመጋቢት 2023 (እ.ኤ.አ.) የፈረሙት ሕግ ከጥቅምት 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ በእሱ መሠረት የኢሚግሬሽን ሁኔታ ሳይጠየቅ መደበኛ መንጃ ፈቃድ ማውጣት ይቻላል። የአገር ቤት መንጃ ፈቃድ ያላችሁም ነዋሪ ከሆናችሁ በ60 ቀን ውስጥ የሚኒሶታውን ማመልከት አለባችሁ፤ የጽሑፉንም የመንገዱንም ፈተና ትወስዳላችሁ። አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ነድታችሁ ቢሆን እንኳ አብዛኛው የኢንሹራንስ ኩባንያ እንደ ጀማሪ ነው የሚቆጥራችሁ። ያናድዳል፣ እናውቃለን። ክሬዲት ስለሌላችሁ ብቻ ግን ሊከለክሏችሁ አይችሉም፤ ሕጉ ያግዳቸዋል። አምስት ስድስት ቦታ ደውላችሁ ዋጋ አወዳድሩ።

ብድሩ

ክሬዲት የሌለው ሰው «እዚሁ ግዛ፣ እዚሁ ክፈል» የሚሉ ዲለሮች እጅ ይገባል። ቁጥሩን አብረን እናስላ። 12,000 ዶላር ለ5 ዓመት በ20 በመቶ ወለድ ብትበደሩ በወር 318 ዶላር ገደማ ትከፍላላችሁ፤ ሲደመር 19,000 ያልፋል። ያንኑ ገንዘብ በ7 በመቶ ብታገኙት ወርኃዊው ወደ 238 ይወርዳል፣ ድምሩ 14,260 ገደማ። ልዩነቱ 4,800 ዶላር ነው። ስለዚህ ዲለር ከመሄዳችሁ በፊት ክሬዲት ዩኒየን ጠይቁ።

አበዳሪ ካለ ደግሞ ኮሊዥንና ኮምፕሪሄንሲቭ ግዴታ ይሆናሉ፤ መኪናው የእሱም መያዣ ነውና። «ወርኃዊው 318 ነው፣ እችላለሁ» ብሎ የፈረመ ሰው በማግስቱ የኢንሹራንሱን ዋጋ ሲሰማ የሚደነግጠው ለዚህ ነው። መኪናው ከጥቅም ውጭ ቢሆንም ኢንሹራንስ የሚከፍለው የዕለቱን የገበያ ዋጋ እንጂ የቀራችሁን ዕዳ አይደለም። 12,000 ዕዳ ኖሮባችሁ መኪናው 8,000 ከተገመተ አራት ሺውን መኪና ሳይኖራችሁ ትከፍላላችሁ። «ጋፕ» የሚባለው ሽፋን ለዚህ ነው። ከዲለሩም ከኢንሹራንሱም ዋጋውን ጠይቁ።

ግብሩንም አትርሱ። የመኪና ሽያጭ ታክስ ከሐምሌ 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 6.875 በመቶ ነው፤ ለ12,000 ዶላር መኪና 825 ዶላር። ታርጋው ላይ የሚለጠፈው «ታብ»፣ የእኛ ቦሎ በሉት፣ መኪናው ባረጀ ቁጥር ይቀንሳል።

ኡበር ለመሥራት ያሰባችሁ

የግል መኪና ኢንሹራንስ ሰው በክፍያ ማመላለስን አይሸፍንም። ኡበርና ሊፍት ላይ ሕጉ በደረጃ ከፍሎታል። መተግበሪያውን ከፍታችሁ ጥሪ እየጠበቃችሁ ሳለ ያለው ሽፋን 50,000፣ 100,000 እና ለንብረት 30,000 ነው፤ ጥሪ ከተቀበላችሁበት ሰዓት አንስቶ ተሳፋሪው እስኪወርድ ግን 1.5 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። የራሳችሁን መኪና ጥገና በተመለከተ በተለይ በመጠበቂያው ጊዜ ክፍተት አለ፤ ለኢንሹራንሳችሁ ነግራችሁ ተጨማሪውን ግዙ። ምግብ ማድረስ ደግሞ ከዚህ ሕግ ጋር አንድ አይደለም፣ ለብቻው ጠይቁ። ከታኅሣሥ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በስቴቱ የተወሰነው ዝቅተኛ ክፍያ በማይል 1.28 ዶላር፣ በደቂቃ 31 ሳንቲም ነው፤ ትርፋችሁን ስታሰሉ የኢንሹራንሱን ጭማሪ ከዚያ ላይ ቀንሱ።

መኪናውን ስታዩ

በሚኒሶታ እሑድ መኪና መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው። እሑድ ብቻ ዕረፍት ያለው ሰው ሊያማርር ይችላል፤ እኛ ግን ወደነዋል። ከቅዳሴ መልስ ያለ ሻጭ ጉትጎታ መኪናዎቹን ዞሮ ማየት ይቻላል። ጎንበስ ብላችሁ ከሥር እዩ። የክረምቱ የመንገድ ጨው ሻንሲውን፣ የፍሬን ቱቦውን ይበላል፤ ላዩ ቢያብረቀርቅ አትመኑ። መቶ ምናምን ዶላር ለራሳችሁ መካኒክ ከፍላችሁ አስመርምሩ፤ ሻጩ እምቢ ካለ ተዉት። ታይትሉ ላይ «ሳልቬጅ» ወይም «ፕራየር ሳልቬጅ» የሚል ካለ ከባድ አደጋ አሳልፏል ማለት ነው። የባንክ ስም ካለበት ደግሞ ዕዳው መከፈሉን የሚያሳይ ወረቀት ተቀበሉ።

ከዲለር ከገዛችሁ ሕጉ ዋስትና ይሰጣል፤ ከ36,000 ማይል በታች ለሄደ 60 ቀን ወይም 2,500 ማይል፣ ከ36,000 እስከ 75,000 ለሄደ 30 ቀን ወይም 1,000 ማይል። ከ75,000 በላይ የሄደ መኪና ግን የለውም፣ ከግለሰብ የተገዛም የለውም። «በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል» የሚባለው ወሬ ከዲለር ግቢ ለተገዛ መኪና አይሠራም። ኪያ ወይም ሀዩንዳይ ከሆነና በቁልፍ ተጠምዝዞ የሚነሳ የድሮው ሞዴል ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ኢንሹራንሱን ጠይቁ፤ በስርቆቱ ብዛት የተነሳ እነዚህን መኪናዎች የማይቀበሉ ኩባንያዎች ነበሩ።

አደጋ ከደረሰ በኋላ

አደጋ በደረሰ ማግሥት የማታውቁት ሰው፣ አንዳንዴም በራሳችሁ ቋንቋ እየተናገረ፣ «ጥሩ ክሊኒክ ልውሰድህ፣ ገንዘብም ይገኛል» ብሎ ሊደውል ይችላል። «ራነር» ይባላሉ፤ ሥራቸው በሚኒሶታ ወንጀል ነው። በ2016 መጨረሻ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ እዚሁ ስቴት ውስጥ ካይሮፕራክተሮችንና ራነሮችን በኢንሹራንስ ማጭበርበር ከሷል። የሚበሉት ያቺኑ 20,000 ዶላር የሕክምና ሽፋን ነው፤ ባላስፈለገ ሕክምና ካለቀች በኋላ እውነተኛው ሕመም ሲነሳ ባዶ ትሆናለች። የምትታከሙበትን እናንተ ምረጡ፣ ለኢንሹራንሳችሁም ወዲያው አሳውቁ።

ኩባንያው አልከፍልም ካለ በጽሑፍ ምክንያቱን ጠይቁ። የስቴቱ ኮሜርስ ዲፓርትመንት አቤቱታ ይቀበላል። የኖ-ፎልት ጥያቄው ከ10,000 ዶላር የማይበልጥ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በግልግል ዳኛ ነው የሚታየው፤ ስለዚህ የሆስፒታሉን ደረሰኝና ከሥራ የቀራችሁበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት ከመጀመሪያው ቀን አንስታችሁ አስቀምጡ።