ብዙ ልሳን በአንድ ጎዳና

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው ጎዳና የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወደ ኋላ ትቶ፣ ከደጋው ብርድ ወደ ይፋት ቆላ ሲወርድ፣ መንገደኛው ካፖርቱን ማውለቁና የሸዋ ሮቢትን ማንጎ መግዛቱ የተለመደ ነው፤ በየሱቁ ደጃፍና በየመሥሪያ ቤቱ በር የተሰቀለውን ታፔላ ግን ልብ ብሎ የሚመለከት ጥቂት ነው። ሆኖም በአደባባይ የሚጻፍ ጽሑፍ ስምና አቅጣጫ ከመንገር አልፎ፣ ጻፊው ማንን እንደሚጠራ፣ ማንን እንደሚያከብርና ማንን እንደ ዘነጋ ስለሚገልጥ፣ ፊደሉን የመረመረ ሰው የአገሩን ጠባይ ይረዳል።

በሸዋ ሮቢት ዋና ጎዳና ላይ የበላይነቱ የአማርኛ ነው። የመድኃኒት ቤቱን ታፔላ ቀርቦ ያየ፣ አማርኛውን ከላይ በደማቅ ቀለም፣ እንግሊዝኛውን ከሥሩ በላቲን ፊደል ተጽፎ ያገኘዋል። ቀጥሎ ባሉት ሱቆች ግን ነገሩ ይቀላቀላል፤ «ሞባይል ጥገና»፣ «ፎቶ ኮፒ»፣ «ጁስ ቤት» የሚሉት ጽሑፎች ፊደላቸው የግእዝ፣ ቃላቸው ግን እኩሌታው የባዕድ ነው። ሊቃውንት ልሳን ተበረዘ ብለው ሊነቅፉት ይችሉ ይሆናል፤ ዳሩ ግን ሽንኩርቱንና ማሾውን ሸጦ ስልኩን ሊያሠራ የመጣው የቀወት ወረዳ ገበሬ ያለ ችግር አንብቦ ከገባ፣ ለነጋዴው ጉዳዩ ተፈጽሞለታል።

የእምነት ቤቶች ጽሑፍ በሌላ ሥርዓት ይሄዳል። ቤተ ክርስቲያኑ ስሙን በግእዝ አገባብ፣ መስጊዱም ቃለ እምነቱን በዐረብኛ ይጽፋሉ፤ እነዚህ ልሳናት በገበያ የሚነገሩ ባይሆኑም፣ ከማስረዳት ይልቅ ለማክበር የቆሙ ናቸውና አላፊ አግዳሚው አልገባኝም ብሎ አያጉረመርምም። ዐረብኛውም ለይፋት እንግዳ አይደለም፤ ከ13ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የወላስማ ሱልጣኖች በገዙት በዚህ ምድር፣ የፈረንሳይ አርኬዎሎጂስቶች እንደ አስበሪና እንደ ኖራ ያሉ የጥንት እስላማዊ ከተሞችን ፍርስራሽ የመረመሩ ሲሆን፣ በይፋት በዐረብኛ የተቀረጹ የመቃብር ድንጋዮችም ተገኝተዋል።

ከሮቢት ወደ ሰሜን ለሚጓዝ ደግሞ የሕግ እጅ ይገለጥለታል። በእሑድ ገበያዋ የታወቀችው ሰንበቴ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ስላለች፣ አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል ተጽፎ ይታያል፤ አጣዬ ሲደርሱ ሰሜን ሸዋ ነውና አማርኛው ይመለሳል፤ ከሚሴ ላይ ዳግመኛ የላቲኑ ፊደል ይቀበላል። የዚህም ምክንያቱ ግልጥ ነው፤ በ1984 ዓ.ም. አፋን ኦሮሞ ቁቤ በተባለው የላቲን ፊደል እንዲጻፍ ተወሰነ፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ እኩል የመንግሥት እውቅና እንዲኖራቸው ደነገገ፤ በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥትም ለብሔረሰብ ዞኖች የሥራ ቋንቋቸውን የመምረጥ ሥልጣን ሰጠ። በዚያው ክልል ያሉት የአዊና የዋግ ኽምራ ዞኖች ግን ለአዊኛና ለኽምጣኛ የግእዝን ፊደል መርጠዋል።

ሕግና ገበያ ያልደረሱለት ልሳንም አለ። አርጎባ የይፋት ነባር ሕዝብ ሲሆን፣ አብዛኛው ወገኑ በዘመን ብዛት አማርኛን ወይም ኦሮምኛን አፍ መፍቻው ስላደረገ፣ አርጎብኛ እንደ ሾንኬና ጦልሐ ባሉ ጥቂት መንደሮች ተወስኖ ቀርቷል። ማንም በዐዋጅ ከታፔላ አላወረደውም፤ ነገር ግን ሁሉ በሚግባባበት ልሳን መጻፍ የሚቀናው ነጋዴ፣ ያለ ክፋት፣ የታናሹን ልሳን ድምፅ ያሳንሳል።

ሕግና ገበያ በልሳን ላይ ያላቸውን ኃይል በሩቅ ባሕር ያለችው ሃዋይም ታሳያለች። በ1896 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ የትምህርት ልሳን እንግሊዝኛ እንዲሆን በማዘዙ የደሴቶቹ ነባር ቋንቋ ከትምህርት ቤት ተገፋ፤ በ1978 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ከእንግሊዝኛ ጋራ የመንግሥት ቋንቋ አድርጎ መለሰው። በዋይኪኪ ሱቆች የሚታየውን ጃፓንኛ የጃፓን ጎብኚ ገንዘብ አመጣው። ፒጅን የሚባለው ቅይጥ ልሳን ደግሞ፣ ከ1885 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዛት የገቡት ጃፓናውያንና ሌሎች የሸንኮራ እርሻ ሠራተኞች ከአገሬው ሲግባቡ የዳበረ ነውና፣ በጽሑፍ በተገኘ ጊዜ ጉርብትናን ያስታውሳል።

በአንድ ሰሌዳ ላይ ልሳናትን ማስተባበር ለኢትዮጵያ አዲስ ጥበብ አይደለም፤ በአራተኛው ምእት ዓመት ንጉሥ ኢዛና በቤጃ ላይ ያደረገውን ዘመቻ በአክሱም ድንጋይ ሲያስቀርጽ፣ አንዱን በጽርእ (በግሪክ ልሳን)፣ አንዱን በግእዝ ልሳንና በሳባ ፊደል፣ አንዱን በግእዝ ልሳንና በግእዝ ፊደል አጽፎታል። ጠላት በኃይል የለጠፈው ግን አይሰነብትም፤ ኢጣልያኖች ለጣርማ በር የሰጡት የሙሶሊኒ ስም ከወራሪው ጋራ አልፏል።

ስለዚህ የሚሻለው፣ ስሕተት ሕይወት በሚያስከፍልበት በጤና ጣቢያና በመንገድ አደጋ ምልክት ላይ፣ በአካባቢው ያለው ሕዝብ የሚያነበውን ሁሉ መጨመር ነው። በዋሽንግተን ከተማ በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን በአማርኛም ያዘጋጃሉ፤ በባዕድ አገር የገዛ ፊደሉን ከመሥሪያ ቤት ሲያገኝ ደስ የሚለው ሰው፣ በአገሩ የጎረቤቱ ልሳን ከራሱ ጎን ሲጻፍ ሊከፋው አይገባም።