ከባሕር ማዶ የሚላክ ስልክ

በሀዋሳ ከተማ ፒያሳ በሚባለው ሰፈር አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ስልክ ፈትተው ስልክ በሚጠግን ወጣት ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። ስልኩን የላከችላቸው በባሕር ማዶ ሠርታ የምታድረው ልጃቸው ናት። መልኩ ያማረ፤ መስተዋቱም ያልተጫረ ነው፤ ይሁን እንጂ ከተሠራ 10 ዓመት አልፎታል። ልጅቱ ይህን ዕቃ የላከችው እናቷ ድምፅዋን ብቻ ሳይሆን መልኳንም እያዩ እንዲያነጋግሯት ነበር። ዳሩ ግን ለዚሁ ጉዳይ የሚያስፈልገው መተግበሪያ አልጫን አለ። ወጣቱ አገላብጦ ካየው በኋላ፤ «እማማ፤ ስልኩስ ደኅና ነው፤ አልተሰበረም፤ ነገር ግን መተግበሪያው እንዲህ ያለውን ስልክ ትቶታል» አላቸው። እርሳቸውም፤ «ልጄ፤ ያልተበላሸ ነገር እንዴት አይሠራም?» ብለው ጠየቁት።

የእኚህ እናት ጥያቄ የብዙ ቤተ ሰብ ጥያቄ ነውና መልሱን ቀስ ብለን ብንመረምረው ይጠቅማል።

ኮርቻ ምንም ቢያምር ለበቅሎው ጀርባ ካልተለካ አይጫንም። ስማርት ስልክም እንደዚሁ ብቻውን የሚሠራ ዕቃ አይደለም። ከቻርጀሩ፤ ከሲም ካርዱ፤ ከመተግበሪያዎቹና ሠሪው ከሚልክለት ማሻሻያ ጋር ሊስማማ ይገባዋል። ከእነዚህ በአንዱ ያልተስማማ እንደ ሆነ ጤነኛው ስልክ እንደ ታመመ ይቈጠራል።

በመጀመሪያ ስለ ቻርጀሩ እንናገር። የገመዱ ጫፍ ለብዙ ዘመን ልዩ ልዩ ሆኖ ቈይቷል። ማይክሮ ዩኤስቢ የሚባለው በቀደሙት የአንድሮይድ ስልኮች፤ ላይትኒንግ የሚባለው አፕል ከመስከረም 2005 ዓ.ም. ጀምሮ ባወጣቸው አይፎኖች፤ ታይፕ ሲ የሚባለው ደግሞ በአዲሶቹ ላይ ይገኛል። አፕል በመስከረም 2016 ዓ.ም. በአይፎን 15 ታይፕ ሲን ተቀበለ። የአውሮጳ ኅብረትም ከታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአባል አገሮቹ ለገበያ የሚቀርብ አዲስ ስልክ ሁሉ ታይፕ ሲ እንዲኖረው በሕግ አዘዘ፤ ቀኑም ለሀዋሳ ሰው የማይረሳ ነው፤ የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ የሚከበርበት ዕለት ነውና።

ሆኖም ጫፉ ስለ ገባ ብቻ ሁሉ ተስማማ ማለት አይደለም። ፈጣን ቻርጀር አስቀድሞ ከስልኩ ጋር ይነጋገራል፤ ሁለቱ በአንድ ቋንቋ ካልተግባቡ በተለመደው 5 ቮልት ቀስ ብሎ ይሞላል እንጂ አይፈጥንም። አንዳንዱም ገመድ ኃይል ብቻ ያስተላልፋል እንጂ ፎቶግራፍ ወደ ኮምፒዩተር ለማሻገር አይሆንም። ከአሜሪካ የመጣ ቻርጀር እግሩ ጠፍጣፋ ስለ ሆነ ለእኛ ክብ ቀዳዳ ሶኬት አዳፕተር ያስፈልገዋል፤ በላዩም ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ መኖሩን ማየት ይገባል፤ የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነውና።

ሁለተኛው የሲም ካርድ ነገር ነው። በውጭ አገር በውል የተሸጠ ስልክ ለሸጠው ኩባንያ ብቻ የተቈለፈ ሊሆን ይችላል፤ ሳይከፈት ከተላከ የኢትዮ ቴሌኮምንም ሆነ የሳፋሪኮምን ሲም አይቀበልም። ከመስከረም 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአሜሪካ የተሸጡት አይፎን 14ና ተከታዮቹ ደግሞ የሲም ካርድ ማስገቢያ ከነጭራሹ የላቸውም፤ የሚሠሩት በስልኩ ውስጥ በሚመዘገብ ኢሲም ብቻ ነው።

ሦስተኛውና እናቲቱን ያሳዘነው የመተግበሪያና የማሻሻያ ነገር ነው። አንድሮይድ ወይም አይኦኤስ የሚባለው የስልኩ ዋና ሥርዓት እንደ መሠረት፤ መተግበሪያው በላዩ እንደሚቆም ቤት ነው። ቤቱ በየጊዜው ሲታደስ መሠረቱ ባለበት ከቀረ አይሸከመውም። ለምሳሌ በመስከረም 2007 ዓ.ም. የወጣው አይፎን 6 ከ12ኛው አይኦኤስ አያልፍም፤ ዋትስአፕ ግን ከሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ቢያንስ 15.1ን ይጠይቃል።

አዲስ መሆንም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። አሜሪካ በግንቦት 2011 ዓ.ም. በሁዋዌ ላይ ባደረገችው እገዳ የተነሣ፤ በመስከረም 2012 ዓ.ም. የወጣው ሜት 30 የጉግልን የመተግበሪያ መደብር ሳይዝ ለገበያ ቀረበ።

ማሻሻያ ሌባ የሚገባበትን ቀዳዳም ይደፍናል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር በሥራ ላይ ውሎ፤ የቤታችን ገንዘብ በስልክ ከገባ ወዲህ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጉግል ለፒክስል 8፤ ሳምሰንግም ለጋላክሲ ኤስ 24 የ7 ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብተዋል፤ ብዙዎቹ ርካሽ ስልኮች ግን ይህን ያህል አያገኙም። ልብ ይሏል፤ ዘመኑ የሚቈጠረው ስልኩ ለገበያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ እንጂ እኛ ከገዛንበት ቀን አይደለም። ማሻሻያውንም ስንጭን አስቀድመን ፎቶግራፎቻችንን በሌላ ቦታ እናስቀምጥ፤ መብራት ቢጠፋ እንዳይቋረጥ ባትሪውን እንሙላ።

ወጣቱ ይህን ሁሉ ለእናቲቱ በትዕግሥት አስረዳቸው፤ የጥገናም ዋጋ አልተቀበለም። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ፤ «ልጄ ስንት ወር ሠርታ እንደ ላከችው እኔ አውቃለሁ፤ ሌላ እንዳትገዛ ሳይሆን ሳትጠይቅ እንዳትገዛ ጻፍልኝ» አሉት። ወጣቱም በቁራጭ ወረቀት ላይ እንዲህ ሲል ጻፈ፤ «ቻርጀሩ ምን ዓይነት ነው? ለኩባንያ ተቈልፏልን? ሲም ማስገቢያ አለውን? ማሻሻያ እስከ መቼ ያገኛል?»

እናቲቱ ወረቀቱን አጥፈው፤ ስልኩ በነበረበት በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። በዚያው ምሽት በአሮጌዋ ባለ ቁልፍ ስልካቸው ልጃቸው ስትደውል፤ ጎረቤት ጠርተው ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አስነበቡላት።