ያረጀች ቬስፓ፤ ትታደስ ወይስ ለቆራሌው ትሰጥ?

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን አንድ ጥያቄ ነው። የክፍል ጓደኛችን አባት፥ ነፍሳቸውን ይማርና፥ ወደ ሥራ ሲመላለሱባት የኖሩት ቬስፓ 150 በግቢያቸው ጥግ በሸራ ተሸፍና ብዙ ዓመት ቆማለች። ባለፈው ክረምት እናቱ ሦስታችንንም ጠርተው፥ «ልጆቼ፥ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ይህችን ነገር ታሠሯታላችሁ ወይስ ለቆራሌው ልስጣት? ቁርጡን ንገሩኝ» አሉን። እኛ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች እንጂ መካኒኮች አይደለንምና የአንድ ወር ቀጠሮ ጠየቅን። በዚያ ወር ውስጥ ጠይቀን፥ አንብበን፥ በእጃችንም ዳስሰን የተረዳነውን ለአንባብያን እናካፍላለን።

በመጀመሪያ ቬስፓ ምን ዓይነት ፍጥረት እንደ ሆነች ማወቅ ያስፈልጋል። ፒያጆ የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት አውሮፕላን ይሠራ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ርካሽ የሕዝብ መጓጓዣ እንዲነድፍ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የተባለውን የአውሮፕላን መሐንዲስ አዘዘ፤ እርሱ የነደፋትም ቬስፓ እ.ኤ.አ. በ1946 ወጣች። ስሟ በጣልያንኛ ተርብ ማለት ነው። መሐንዲሱ እንደ ሌሎች ሞተር ሳይክሎች በቧንቧ አጥንት ላይ አልሠራትም፤ ተጨፍልቆ የተበየደው ላሜራ ራሱ አካልም አጥንትም እንዲሆን አደረገ እንጂ። ዛሬ ባጃጅ የምንላት ባለ ሦስት እግርም ዘመዷ ናት። ፒያጆ እ.ኤ.አ. በ1948 ከቬስፓ አፔ የተባለችውን ባለ ሦስት እግር አወጣ፤ የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በፒያጆ ፈቃድ ቬስፓን ይሠራ ነበር።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይህ ነው፤ አካሏ አጥንቷ ስለ ሆነ ዝገት በሌላ ሞተር ሳይክል ላይ የመልክ ጉዳይ ሲሆን በቬስፓ ላይ የሕይወት ጉዳይ ነው። ምርመራውም በሚከተለው ተራ ቢሆን ይሻላል።

አንደኛ፥ ሊብሬ። ሊብሬው ከጠፋ፥ ወይም በላዩ የተጻፈው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር ካልገጠመ፥ ሌላው ድካም ሁሉ ከንቱ ሊሆን ይችላል። ሰሌዳና ቦሎ የሌላት ቬስፓ ብታምርም ከግቢ አትወጣም። ስለዚህ መፍቻ ከማንሣት በፊት ሣጥን መፈተሽ ይቀድማል።

ሁለተኛ፥ አካሏ። የወለሉን ምንጣፍ አንሥቶ፥ ቬስፓዋን በጎኗ አጋድሞ ከሥር መመልከት ነው። ላሜራውን በካቻቢቴ ጫፍ ገፋ ሲያደርጉት ከጸና መልካም፤ እንደ ድርቆሽ ከተሰባበረ ግን በያጅ ያስፈልጋል። የወለሉ ዳር ቢበሳ ተቆርጦ ሌላ ላሜራ ይበየድለታል። ነገር ግን በወለሉ መካከል ከፊት ወደ ኋላ የሚያልፈው ጉብ ያለው ክፍል፥ ማለት ጀርባ አጥንቷ፥ ከበሰበሰ ነገሩ ከባድ ነው። ከመሪው ሥር ያለው ላሜራ ተጨማዶ ከተገኘም ቀድሞ ተጋጭታ ሊሆን ስለሚችል፥ ከኋላ ቆሞ ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መስመር መሆናቸውን ማየት ይገባል።

አዲስ ቀለም የተቀባች ከሆነች ይልቁን እንጠርጥር። አንድ ወዳጃችን እንደ መስተዋት የምታብረቀርቅ ቬስፓ ገዝቶ በሁለተኛው ሳምንት ወለሏ ከእግሩ ሥር ከዳው፤ ለካስ ላሜራ የመሰለው ስቱኮ ኖሯል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው። ትንሽ ማግኔት በኪሱ ይዞ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡን ባተረፈ ነበር፤ ማግኔት ላሜራን ይይዛል፥ ወፍራም ስቱኮን ግን አይዝም።

ሦስተኛ፥ ሞተሩ። «አይነሣም» ማለት «ሞቷል» ማለት አይደለም። ካንዴላውን አውልቆ በቀዳዳው ጥቂት ዘይት አንጠብጥቦ ማሳደር፥ ከዚያም የእግር ማስነሻውን በእጅ ቀስ አድርጎ መግፋት ነው። ከዞረ ተስፋ አለ፤ እንቢ ካለ በጉልበት መምታት አይገባም። ይሁን እንጂ ቢነሣም ስንኳ ወዲያው መንዳት ስሕተት ነው። ብዙ ዓመት በቆመ ሞተር ውስጥ ፓራኦሊዮው ይደርቃል፤ በዚያ በኩል አየር ሲገባ ቤንዚኑ ይሳሳል፥ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል፥ ፒስቶኑም በጉዞ መካከል ይነክሳል። ፒስቶን ሲነክስ የኋላው ጎማ ድንገት ሊቆም ስለሚችል አደጋው ለሰውም ነው። ደግሞም ይህ ሞተር የሚለሰልሰው ከቤንዚን ጋር በሚቀላቀል ዘይት ነው፤ መጠኑ እንደ ሞዴሉ ከ2 እስከ 5 በመቶ ይደርሳል፤ 2 በመቶ ማለት ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። ይህን የረሳ ሰው አዲስ ሞተርም ቢሆን በአጭር ጊዜ ያቃጥላል።

አራተኛ፥ ፍሬንና ጎማ። በዚህ ላይ ድርድር የለም። የፍሬኑ ሸራና የሽቦ ገመዶቹ በሙሉ መለወጥ አለባቸው። ጎማ ጥርሱ ቢኖርም በዕድሜ ይደርቃል፤ ከእ.ኤ.አ. 2000 ወዲህ በተሠራ ጎማ ጎን ላይ ያሉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ስለሚናገሩ፥ ሻጩን ከመጠየቅ ጎማውን ማንበብ ይሻላል። የእኛይቱ ቬስፓ ቸርኬ 8 ኢንች ብቻ ስለ ሆነ፥ ትልቅ ጎማ የሚዘለው ጉድጓድ እርሷን ይውጣታል።

አምስተኛ፥ የት እንደምትነዳ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለ ሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ያለ ካርቡራቶር ማስተካከያ ሞተሩ ይታፈናል፥ ቢስተካከልም ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀርበታል። መብራቷም 6 ቮልት በመሆኑ ሌሊት ደብዛዛ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰው ጭና ወደ እንጦጦ ትወጣለች ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

ከዚህ በኋላ ሒሳብ ይመጣል። እኛ ወረቀት በሦስት ከፍለን ጻፍን፤ በመጀመሪያው ሕይወት የሚጠብቀውን፥ በሁለተኛው የሚያስኬዳትን፥ በሦስተኛው የሚያሳምራትን። ገንዘባችን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ካልሸፈነ ሥራው መጀመር የለበትም፤ ተፈታታ የቀረች ቬስፓ ከቆመችው ትብሳለችና። አብዛኛው ሰው ግን ከሦስተኛው ይጀምራል፤ ቀለም ቶሎ ስለሚታይ።

የእኛይቱስ እንዴት ሆነች? ሊብሬው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተገኘ፤ ቁጥሩም ገጠመ። ወለሏ በዳር በኩል ሁለት ቦታ ተበስቷል፥ ጀርባ አጥንቷ ግን ጽኑ ነው። ሞተሩ ሁለት ቀን ዘይት ካደረ በኋላ ዞረ። እኛም በቀጠሯችን ቀን ለእናቲቱ እንዲህ አልናቸው፤ «እማማ፥ መታደስ ይገባታል፤ ነገር ግን ለትርፍ አይደለም፥ ብትሸጥ ያወጣነውን አትመልስም። ለአንድ ሰው፥ በቀን፥ ለአጭር መንገድ ትሆናለች።» እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፥ «እርሱም የሚነዳት እንዲሁ ነበር» አሉ። ቀጥለውም፥ «ፍሬኗ ሳይሠራ ከበር ብትወጣ ግን ከእኔ ጋር አንታረቅም» ሲሉ አስጠነቀቁን።

ዛሬ ወለሏ ተበይዷል፤ ፓራኦሊዮው ተለውጧል፤ የፍሬን ሸራ እየተፈለገ ነው። ቀለም ገና አልገዛንም። በየቤታችሁ በሸራ የተሸፈነ ነገር ያላችሁ ጓደኞቻችንም ቆራሌው ከመጥራቱ በፊት፥ ቀለም ቀቢም ከመጠራቱ በፊት፥ አንድ ካቻቢቴና አንድ ማግኔት ይዛችሁ ሸራውን ግለጡት።