ያውቁ ኖሯል? አራርቆ መትከል ቦታ ማባከን አይደለም

በጓሮ መደብ ላይ የቲማቲም ችግኝ አጠጋግቶ መትከል ምርት የሚጨምር ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ችግኞቹ ሲያድጉ ሥራቸው በአንድ ውኃና በአንድ ማዳበሪያ ይሻማል፣ ቅጠላቸውም ይደራረባል። በክረምት ደግሞ ነፋስ በመሐላቸው ስለማያልፍ እርጥበቱ ቶሎ አይደርቅም፤ ምች የሚባለው በሽታ የሚወደው ይህንኑ ነው። ስለዚህ በችግኞች መካከል 50 ሳንቲ ሜትር፣ በመስመሮች መካከል ደግሞ 1 ሜትር ገደማ መተው ያዋጣል። የጉራጌ ገበሬዎች እንሰትን ባደገ ቁጥር እየነቀሉ ወደ ሰፊ ርቀት የሚያዛውሩት ተክሎቹ እርስ በርስ እንዳይሻሙ ነው፤ ይህ ትልቅ እውቀት ነው።

«ጓሮዬ ጠባብ ነው፤ መሬቱን ለምን ባዶ ልተወው?» የሚል ሰው ተገቢ ጥያቄ አንስቷል። ነገር ግን ክፍተቱ ባዶ መቅረት የለበትም። ሰላጣ ቲማቲሙ ሳይንሰራፋ ስለሚደርስ በመሐል ሊተከል ይችላል፤ አረሙንም የገለባ ጉዝጓዝ ያፍነዋል። ርቀቱ ለሁሉም እኩል አይደለም፦ ለነጭ ሽንኩርት 10 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ጥቅል ጎመንም ቢጠጋጋ ጥቅሉ ያንሳል እንጂ አይጠፋም፤ ለትንሽ ቤተሰብ እንዲያውም ይመቻል። ካሮት ከዘሩ ግን ቡቃያውን ሳይራሩ ያሳሱት፤ ካልሳሳ ሥሩ አይወፍርም።