ኦቨርክሎክ ለማድረግ የተሠራ ማዘርቦርድ እንዴት ይመዘናል?

አንድ ፕሮሰሰር ከፋብሪካ ሲወጣ በሰከንድ ስንት ምት እንዲሠራ ተመድቦ ነው። ከዚህ ምድብ አልፎ እንዲሠራ ማድረግ ኦቨርክሎኪንግ ይባላል። ሥራው በፕሮሰሰሩ ስም ይነገር እንጂ ሸክሙን የሚሸከመው ማዘርቦርዱ ነው፤ ምቱንም ቮልቴጁንም የሚያድለው እርሱ ነውና። በዚህ አጭር ጽሑፍ እንዲህ ያለው ማዘርቦርድ በምን መመዘን እንዳለበት፥ አንድ የታወቀ ምሳሌ ይዘን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ምሳሌአችን አቢት የተባለው የታይዋን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው ቢኤች6 ነው። ኩባንያው ማዘርቦርድ መሥራቱን ካቆመ ቆይቷል፤ የቦርዱ ትምህርት ግን አላረጀም። ቢኤች6 የተሠራው በኢንቴል 440ቢኤክስ ቺፕሴት ላይ ሲሆን፥ ቺፕሴቱ በ66 እና በ100 ሜጋኸርዝ እንዲሠራ የታሰበ ነበር። በዚያው ዓመት ኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ የተባለውን ርካሽ ፕሮሰሰር አወጣ። የዚህ ፕሮሰሰር ማባዣ በ4.5 የተቆለፈ ነው፤ ስለዚህ የቦርዱ ምት 66.6 ሲሆን ፕሮሰሰሩ 300 ሜጋኸርዝ ይሆናል። ምቱ ወደ 100 ከፍ ቢል ግን ያው ፕሮሰሰር በ450 ይሠራል፤ ይኸውም ዋጋው በብዙ ከሚበልጠው ፔንቲየም 2 450 ጋር በምት እኩል ማለት ነው።

የመጀመሪያው መመዘኛ፦ የቦርዱ ምት ሲጨምር የቀሩት ክፍሎች በተመደበላቸው ምት ይቆያሉ ወይ? የፒሲአይ መስመር የተመደበለት 33 ሜጋኸርዝ ነው። ቦርዱ በ66 ሲሠራ ምቱ ለ2፥ በ100 ሲሠራ ለ3 ይካፈላል፤ በሁለቱም ውጤቱ 33 ነው። በመካከል ያለው 83 ግን ለ2 ስለሚካፈል ፒሲአይን ወደ 41.5 ያወጣዋል። የሃርድ ዲስኩ መቆጣጠሪያ በዚህ መስመር ላይ የተያያዘ በመሆኑ፥ የተጻፈው መረጃ ሊበላሽ ይችላል። እንግዲህ አንባቢ እንደሚመለከተው 83 ከ100 ያነሰ ቢሆንም አደጋው የበለጠ ነው። ዝቅተኛው ቁጥር ሁልጊዜ ደኅና ነው ብሎ መገመት አይገባም።

ሁለተኛው መመዘኛ የቮልቴጅ አሰጣጥ ነው። በቀድሞዎቹ ቦርዶች ምትና ቮልቴጅ ለመለወጥ ሣጥኑን ከፍቶ ጃምፐር መንቀልና መሰካት ያስፈልግ ነበር። ቢኤች6 ሶፍትሜኑ በተባለው የባዮስ ገጽ ሁለቱንም ከኪቦርድ ለመለወጥ አስችሏል። ይሁን እንጂ ቅለቱ ሊያታልል ይችላል። የፕሮሰሰር የኀይል ፍጆታ በምቱ ልክና በቮልቴጁ ካሬ ልክ ያድጋል። ምቱ በ1.5 ሲባዛ ቮልቴጁ 2.0 እንደ ሆነ ቢቆይ ፍጆታው 1.5 እጥፍ ይሆናል፤ ቮልቴጁ ወደ 2.2 ቢወጣ ግን 1.8 እጥፍ ያህል ይደርሳል። ይህ ሁሉ ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ ቮልቴጁን የሚያስተካክሉት ክፍሎችና ካፓሲተሮቹ ጥራት ያላቸው፥ አየርም በሚገባ የሚያገኛቸው መሆን አለባቸው።

ሦስተኛውና ዋናው መመዘኛ የውጤት እርግጠኝነት ነው። ኮምፒዩተሩ ተነሥቶ መሥራቱ ብቻ በቂ ማስረጃ አይደለም። ከወሰኑ ጥቂት ያለፈ ፕሮሰሰር ሳይቆም፥ ምንም ምልክት ሳይሰጥ፥ የተሳሳተ ድምር ሊያወጣ ይችላል። በመሆኑም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፥ ከዚያም እንደ ፕራይም95 ያለ፥ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ከባድ ስሌት ለብዙ ሰዓት እያሠሩ ውጤቱን ማመሳከር ይገባል። ፈተናውም በቀኑ ሞቃት ሰዓት ቢደረግ ይመረጣል፤ በጧት ቅዝቃዜ ያለፈ ቦርድ ከቀትር በኋላ ሊወድቅ ይችላልና።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ለተማሪዎች የጨዋታ ነገር ብቻ አይደለም። ገንዘብ ለሚያጥረው ቤተ ሙከራ፥ ሳይከፍሉ ግማሽ ያህል ተጨማሪ ፍጥነት ማግኘት ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚገባ አንድ ሠንጠረዥ በስውር ከተሳሳተ፥ የተገኘው ሰዓት የጠፋውን እምነት አይመልስም። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ጥሩ ማዘርቦርድ የሚባለው ከፍተኛውን ቁጥር ያሳየው ሳይሆን፥ የጨመረውን ፍጥነት ከትክክለኛ መልስ ጋር የሚሰጠውና ወደ ቀድሞው ምት በቀላሉ የሚመለሰው ነው።