ከተዛወሩ በኋላ ስለሚሞቱ ዓሦች፤ በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ

የውሃ እንስሳ ከነበረበት ተነሥቶ ወደ ሌላ ውሃ ሲዛወር ብዙ ጊዜ ከፊሉ፣ አንዳንድ ጊዜም ሁሉም ይሞታል። ባለቤቱ የሞተውን ዓሣ ይዞ «ምን አገኘው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የሚያገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «አገሩ አልተስማማውም» የሚል ነው። ይህ መልስ እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ሳይመረመር ሲነገር ጉዳት ያመጣል። ባለቤቱ ሊታረም የሚችለውን ጉድለት በአገሩ ላይ ጥሎ የደከመበትን ኩሬ ይተወዋል፤ ወይም ምክንያቱን ሳይለይ ሌላ ጫጩት ገዝቶ ያንኑ ጥፋት ይደግማል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምክንያቱን ለመለየት የሚረዳ አንድ ቀላል መንገድ ማሳየት ነው። ይኸውም «በምን ሞተ?» ከማለት በፊት «በስንተኛው ቀን ሞተ?» ብሎ መጠየቅ ነው። በመንገድ ላይ የሚገድለው፣ በሦስተኛው ቀን የሚገድለውና በሁለተኛው ወር የሚገድለው ነገር አንድ አይደለምና።

ሀ) ስለ አገሩና ስለ መንገዱ

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከደሴ የምትርቀውም 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዙሪያዋ ያሉት የቦረና፣ የሳይንት፣ የለጋምቦ፣ የከላላና የወግዲ ወንዞች በጥልቅ ሸለቆ እየወረዱ ወደ ዐባይና ወደ በሽሎ ይገባሉ። ትልቁ ውሃ በቆላ፣ አብዛኛው ሰው ግን በደጋና በወይና ደጋ ስለሆነ፣ በደጋው ኩሬ ቆፍሮ ዓሣ ማርባት የሚሻ ሰው ጫጩቱን ከሩቅ ማስመጣት ግድ ይሆንበታል። ከቅርቦቹ ምንጮች አንዱ ከደሴ በስተሰሜን ያለው የሐይቅ ውሃ ነው።

የተዛወረ ዓሣ በወሎ ሊኖር እንደሚችል ምስክሩ ይኸው ሐይቅ ነው። ከባሕር ወለል 2,030 ሜትር ያህል ከፍ ባለው በዚህ ውሃ ውስጥ ቆረሶ የተባለው ዓሣ አስቀድሞ አልነበረም። በ1970ዎቹ መጨረሻ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) መጥቶ ከተለቀቀ በኋላ ግን ተራብቶ ለአጥማጆች ገበያ ሆኗል። እንደዚሁም ከኬንያ የመጣው ትራውት በባሌ ተራሮች ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ ተራብቷል። እንግዲህ መዛወር ራሱ ገዳይ አይደለም።

ሆኖም ከሐይቅ እስከ መካነ ሰላም ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ የከፍታ ልዩነት አለ። መንገዱም በመካከሉ በለጋምቦ በኩል ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ወጥቶ ይመለሳል። በ2,600 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 73 በመቶ ያህል ነው። በዚህም የተነሣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ውሃ በባሕር ወለል ከአየር ወስዶ በአንድ ሊትር 9.1 ሚሊግራም ኦክሲጅን ሲይዝ፣ በመካነ ሰላም ከፍታ የሚይዘው 6.6 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። የደጋ ዓሣ አርቢ ሥራውን የሚጀምረው ከዚህ ጉድለት ጋር ነው።

ለ) በመንገድ ላይና በተለቀቀ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚሞት

የዚህ ሞት ምክንያት ከኩሬው ሳይሆን ከከረጢቱ ይፈለጋል። ጫጩት ለረጅም መንገድ ሲጫን ከላስቲክ ከረጢቱ አንድ ሦስተኛው ውሃ፣ ሁለት ሦስተኛው ኦክሲጅን ሆኖ አፉ በጥብቅ ይታሰራል። ከሐይቅ ዳር ተወጥሮ የታሰረ ከረጢት ወደ 3,000 ሜትር ሲወጣ በውስጡ ያለው አየር ከአሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ስለሚጨምር ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ጥቂት ላላ ብሎ መታሰር አለበት።

ሌላው ነገር ረቂቅ ነው። ዓሣው በጉዞው ሁሉ አሞንያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ውሃውን ወደ አሲድነት ስለሚያዘነብለው አሞንያው አብዛኛው ጉዳት በማያደርስ መልክ ይቆያል። የውሃው ፒ ኤች 7 በሆነ ጊዜ፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ መርዛማው ክፍል ከጠቅላላው አሞንያ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ፒ ኤች 8 ሲሆን 4 በመቶ ገደማ፣ 9 ሲሆን ደግሞ 28 በመቶ ያህል ይደርሳል። ከረጢቱ ሲከፈት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይተናል፤ ፒ ኤቹ ይነሣል፤ አሞንያውም ወደ መርዝነት ይለወጣል። በመንገድ ሁሉ ደኅና የነበረው ዓሣ ልክ ሲደርስ የሚሞተው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

መድኃኒቱ የሚከተለው ነው። ጫጩቱ ከመጫኑ በፊት አንድ ቀን ያህል ምግብ አይሰጠው፤ ሆዱ ባዶ ከሆነ ውሃውን አያቆሽሽምና። ጉዞው በሌሊት ወይም በማለዳ ይሁን። ሲደርስ ከረጢቱ እንደታሰረ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ በኩሬው ላይ ተንሳፎ ሙቀቱ ይስተካከል። ከተከፈተ በኋላ ግን ዓሣው በቆሸሸው ውሃ ውስጥ ሳይቆይ በመረብ ወደ ኩሬው ይዛወር፤ የከረጢቱም ውሃ ወደ ኩሬው አይደፋ።

ሐ) ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ቀን የሚሞት

በዚህ ጊዜ የሚጠረጠሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የሙቀት ወይም የፒ ኤች ድንገተኛ ለውጥ ነው። ከ25 ዲግሪ ውሃ በአንድ ጊዜ ወደ 16 ዲግሪ ውሃ የተጣለ ቆረሶ ወዲያው ባይሞት እንኳ ሚዛኑን ስቶ በጎኑ ይዋኛል፤ ከዚያም ይዳከማል። ሁለተኛው የእጅ ጉዳት ነው። የዓሣን ቆዳ የሚሸፍነው ዝልግልግ ፈሳሽ በደረቅ እጅ ወይም በሻካራ መረብ ከተገፈፈ ቁስል ይከተላል። በሁለቱም ጊዜ የሞቱ ቁጥር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ሆኖ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ቁጥሩ እየቀነሰ ከሄደ ኩሬውን መንካት አያስፈልግም፤ የሚታረመው የሚቀጥለው ጉዞ ነው።

በሲሚንቶ የተሠራ አዲስ ገንዳ ግን ለብቻው ይታያል። ከአዲስ ሲሚንቶ የሚወጣው ኖራ የውሃውን ፒ ኤች ከ9 በላይ ሊያደርሰው ይችላል። እንዲህ ያለው ገንዳ ዓሣ ከመግባቱ በፊት በተደጋጋሚ በውሃ ተሞልቶ፣ ቆይቶ፣ መደፋት አለበት። ይህ ካልተደረገ ሞቱ አይቀንስም፤ ሁሉንም ይጨርሳል።

መ) ከመጀመሪያው ሳምንት እስከ ስድስተኛው ሳምንት የሚሞት

መንገዱን አልፎ፣ በልቶ፣ ነቅቶ ሲዋኝ የሰነበተ ዓሣ በሁለተኛው ሳምንት መሞት ሲጀምር ምክንያቱ በውሃው ውስጥ ነው። አሞንያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትንም ብዙ ጉዳት ወደሌለው ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴርያዎች አሉ። እነዚህ በድንጋይ፣ በአሸዋና በጭቃ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ሲሆኑ፣ በአዲስ ገንዳ ውስጥ በቂ ሆነው እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስድባቸዋል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይዘገያሉ። ባለቤቱ በደስታ ብዛት ምግብ ሲያበዛ የተረፈው ይበሰብሳል፤ አሞንያውም ከባክቴርያዎቹ ዐቅም በላይ ይሆናል።

በዚሁ ወቅት ሌላው ገዳይ የንጋት ኦክሲጅን እጥረት ነው። አረንጓዴ ውሃ በቀን ኦክሲጅን ይሰጣል፤ በሌሊት ግን ራሱ ይጠቀመዋል። ስለዚህ ዝቅተኛው መጠን የሚገኘው ጎሕ ሲቀድ ነው። ሁለቱን ለመለየት ባለቤቱ በማለዳ ወደ ኩሬው ይሂድ። ዓሦቹ በንጋት አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ሲተነፍሱ ቆይተው ረፋድ ላይ ወደ ውስጥ ከገቡ ጉድለቱ የኦክሲጅን ነው። ቀኑን ሙሉ ዝለው፣ ምግብ እምቢ ብለው ከዋሉ ግን አሞንያ ይጠርጠር። ለሁለቱም የመጀመሪያው ርዳታ አንድ ነው፤ ምግቡን ማቆምና ከከፍታ እየተንፎለፎለ የሚወርድ ንጹሕ ውሃ ማስገባት ነው።

ሠ) ከወራት በኋላ የሚሞት

ቆረሶ የሙቅ ውሃ ዓሣ ነው። ከ20 ዲግሪ በታች ምግቡን ይቀንሳል፤ እንቁላል መጣልም ያቆማል። ውሃው ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ ይሞታል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የደጋ ውርጭ ጊዜ ጥልቀት የሌለው ኩሬ በሌሊት ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። ዓሣው በቀጥታ ባይሞት እንኳ በቅዝቃዜ ስለሚዳከም በቆዳው ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ ይበቅልበታል። ባለቤቱ ሻጋታውን አይቶ በሽታ መጣ ይላል፤ በሽታው ግን የተከተለው ብርዱን ነው።

ስለዚህ ኩሬው ከአንድ ሜትር የበለጠ ጥልቀት ያለውና ፀሐይ የሚያገኘው ይሁን። ጫጩቱም ውርጩ ካለፈ በኋላ ከመጋቢት ጀምሮ ቢለቀቅ ብዙ ወራት ያገኛል። በጣም በሚበርድ ቦታ ቅዝቃዜን የሚችለው ካርፕ ይመረጣል። ቀዝቃዛና ሳያቋርጥ የሚፈስ ንጹሕ ውሃ ባለበት ደግሞ ትራውት ሊታሰብ ይችላል።

ረ) ከባሕር ኮራል ጋር ማነጻጸር

ይህ በቀን የመለየት መንገድ ለዓሣ ብቻ የሚሠራ አይደለም። በውጭ አገር በመስተዋት ገንዳ ውስጥ የባሕር ኮራል የሚያሳድጉ ሰዎች ቤት ሲለውጡ ተመሳሳይ ጥፋት ይደርስባቸዋል። ኮራል ድንጋይ መስሎ ቢታይም እንስሳ ነው፤ በሥጋውም ውስጥ ከብርሃን ምግብ የሚሠሩለት ደቂቅ አልጌዎች ይኖራሉ። በተዛወረ በመጀመሪያው ቀን ሥጋው ከአጥንቱ ከተላጠ ሙቀቱ ወይም ጨውነቱ መለወጡ ይጠረጠራል፤ የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለውና። በሳምንታት ውስጥ ከሞተ፣ በጉዞ ላይ ደርቀው ከሞቱት የድንጋይ ባክቴርያዎችና ከተናወጠው አሸዋ የወጣው መርዝ ይመረመራል። በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ እየነጣ ከሄደም አልጌዎቹን ማጣቱ ነውና፣ መብራቱና ሙቀቱ ይታያሉ። ኮራል እንደ ዓሣ ወደ ውሃው ፊት ወጥቶ ችግሩን ሊያሳይ አይችልም። ስለዚህ የሚመሰክርለት ባለቤቱ የጻፈው ቀን ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተነገረው ሁሉ የምንረዳው፣ ዓሣ የሚያዛውር ሰው ከመረብና ከከረጢት ሌላ አንድ ቴርሞሜትርና አንድ ደብተር የሚያስፈልገው መሆኑን ነው። በደብተሩም የተለቀቀበት ቀን፣ በየማለዳው የተለካው የውሃ ሙቀትና በየቀኑ የሞተው ቁጥር ይጻፍ። ሞቱ በሦስት ቀን ውስጥ ካበቃ ጥፋቱ የጉዞው ነው። ከሳምንት በኋላ ከጀመረ ጥፋቱ የውሃው አያያዝ ነው። ክረምቱን ደኅና አልፎ ውርጭ ሲገባ ከሞተ፣ ያን ጊዜ ብቻ «አገሩ አልተስማማውም» ማለት እውነት ይሆናል፤ ያም ቢሆን ያልተስማማው ያ አንድ የዓሣ ዘር ነው እንጂ ደጋው ለዓሣ ሁሉ የተዘጋ ነው ማለት አይደለም።