በቤታችሁ ስንት ሰው ያድራል?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ወባና ስለ አጎበር ነው። «ይህንማ ሰምተነዋል፤ ትንኝ ወባ ታስይዛለች፣ አጎበር ይከላከላል» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ሰምታችኋል። እኔም ሰምቼ ነበር። ሰምቼ ሳለሁ የሠራሁትን ስሕተት ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

በክረምቱ ከጣና ሐይቅ ዳር ባለች አንዲት ቀበሌ ፊደል ለማስተማር ተመድቤ ነበር። ነሐሴ ሲጋመስ ለቀበሌዋ አጎበር መጣ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሥራው ስለበዛባት፣ እኛ ተማሪዎች መዝገብ ይዘን ቤት ለቤት እንድንዞር ጠየቀችን። ጭቃውን እየረገጥን ዞርን። ከአንድ ቤት ገባሁና እመቤቲቱን «ቤተሰባችሁ ስንት ነው?» አልኳቸው። «እኔ፣ አባወራው፣ ሦስት ልጆች፤ አምስት ነን» አሉኝ። አምስት ብዬ ጻፍኩ። ሁለት አጎበር ደረሳቸው። መርቀው ተቀበሉ፤ እኔም ሥራዬን የጨረስኩ መስሎኝ ሄድኩ።

መስከረም ሲጠባ ከማታው ትምህርት አንድ ልጅ ጠፋብኝ። ሁልጊዜ ከፊት የሚቀመጥ፣ የዚያው ቤት እረኛ ነው። ከደጋ መጥቶ የተቀጠረ፣ ዕድሜው ዐሥራ አራት ቢሆን ነው። ልጠይቀው ብሄድ ከበረቱ አጠገብ ባለችው ትንሽ ጎጆ ውስጥ ቁርበት ላይ ተኝቶ፣ ጋቢ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። ጥርሱ ይንገጫገጫል። «ኧረ ይህ ልጅ አጎበር የለውም እንዴ?» ብል፣ እመቤቲቱ አየት አደረጉኝና፣ «ልጄ፣ አንተ እኮ ቤተሰብ አልከኝ እንጂ እዚህ የሚያድረውን መች ጠየቅኸኝ?» አሉ።

ምን እመልሳለሁ? ማታ ማታ ፊደል የማስቆጥረውን ልጅ እኔ ራሴ ሳልቆጥረው ቀረሁ!

ያኔውኑ ወደ ጤና ኬላ ወሰድነው። ደሙ ተመረመረና ወባ ተገኘበት፤ መድኃኒቱን ጨርሶ ዳነ። አንድ ሁለት ቀን ብንዘገይ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልወድም።

ወገኖቼ፣ ወባ የዋዛ ጠላት አይደለችም። ሽማግሌዎች ንዳድ የሚሏት እሷኑ ነው። ከሰኔ 1950 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ድረስ በአገራችን የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 ያህል ሰው እንደገደለ ተገምቷል። ወረርሽኙ የገባው ቆላ ብቻ አልነበረም፤ «ወባ እኛን አታውቀንም» ይሉ የነበሩ ከፍታ ቦታዎችንም መታ። ሰውነታቸው በሽታውን ስላልለመደው ሕዝቡ እንደ ቅጠል ረገፈ።

ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ አጎበር በሚሊዮን እየተቆጠረ ለገጠሩ ታደለ፤ ወባም ጋብ ብላ ነበር። በመላው አፍሪካ ከ2000 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ከቀረው የወባ ሕመም ውስጥ ከሦስት እጅ ሁለቱን ያህል ያስቀረው አጎበር እንደሆነ አጥኚዎች ገምተዋል። ነገር ግን ጋብ አለ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ ከታኅሣሥ 2016 እስከ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቧል፤ ከ1,100 በላይ ወገኖቻችንም ሞተዋል።

ታዲያ አንድ እረኛ ሳይቆጠር ቢቀር የሚጎዳው እሱ ብቻ ነው? አይደለም። ወባን የምታስተላልፈው ሴቷ ትንኝ ናት። አብዛኛውን ጊዜ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። የታመመውን ሰው ደም ስትመጥ ተሕዋሱን አብራ ትወስዳለች። ተሕዋሱ በሆዷ ውስጥ ዐሥር ቀንና ከዚያም በላይ ቆይቶ ይጎለምሳል። ከዚያ በኋላ የነከሰችውን ሁሉ ታስይዛለች። እንግዲህ ከበረቱ አጠገብ የነደፈችው ትንኝ ነገ ጓዳ ገብታ ሕፃኑን ብትነድፍ ማን ይከለክላታል? እረኛው ሲታመም ቤቱም አይተርፍም።

አጎበሩም መጋረጃ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ክሩ ውስጥ መድኃኒት አለ፤ ያረፈችበትን ትንኝ ይገድላል። ስለዚህ በአንድ መንደር ብዙው ቤት አጎበር ከዘረጋ ትንኙ ስለሚመናመን ለጎረቤትም ይተርፋል። ለእያንዳንዱ ቤት፣ ለሁለት ሰው አንድ እየተባለ የሚታደለውም በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ እኔ ከስሕተቴ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ መዝጋቢ ሲመጣ የሚያድረውን ሁሉ ቁጠሩ። እረኛውን፣ የቤት ሠራተኛዋን፣ ምድጃ ዳር የምትተኛዋን አያት፣ ለትምህርት ተጠግቶ ያለውን ዘመድ አትርሱ። ግን የሌለ ሰው ጨምራችሁ አታስጽፉ፤ እናንተ ጋ የተረፈው ሌላ ቤት ይጎድላል።

ሁለተኛ፣ አጎበሩ ከሣጥን ይውጣ። በብዙ ቤት «ለእንግዳ ነው ያስቀመጥነው» ሲባል ሰምቻለሁ። እንግዳ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ትንኚቱ ግን ማታ ማታ ትመጣለች። አዲስ አጎበር ከከረጢቱ ሲወጣ አንድ ቀን ጥላ ውስጥ ይናፈስ። ከዚያም አራቱን ማዕዘን ከማገሩ ጋር በገመድ አስራችሁ፣ ጠርዙን ከመኝታው ሥር ሸጉጡት። መደብ ላይም ሆነ መሬት ላይ ለሚተኛ ያው ነው። «ይሞቃል» ትሉ ይሆናል፤ አዎ፣ ይሞቃል። የወባ ትኩሳት ግን ከዚያ ይብሳል።

ሦስተኛ፣ አጎበሩ ካልበቃ ቅድሚያው ለነፍሰ ጡርና ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ነው። አባወራ ሆይ፣ አትቀየሙኝ!

አራተኛ፣ አጎበር ዓሣ ማጥመጃ፣ ጭድ መሸከሚያ፣ የጥጃ ገመድ አይደለም። ሲቆሽሽ በገንዳ ውስጥ በሳሙና ቀስ ብላችሁ እጠቡት፤ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። መድኃኒቱ ዓሣ ስለሚገድል እጣቢውን ወንዝና ሐይቅ ውስጥ አትድፉ። ቢቀደድ መርፌና ክር አይጠፋም። በደንብ ከተያዘ እስከ ሦስት ዓመት ያገለግላል።

አምስተኛ፣ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ወደ ሑመራ የምትወርዱ ወንድሞቼ፣ ከማጭዳችሁ ጋር አጎበር ያዙ። ዝናቡ ካባራ በኋላ ያሉት ወራት ወባ የምትበረታባቸው ናቸው፤ እናንተ ደግሞ ሜዳ ላይ ነው የምታድሩት። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላችሁ ቀኑ ሳያልፍ ተመርመሩ። ተመልሳችሁ ከታመማችሁም ቆላ ወርዳችሁ እንደነበር ለሐኪሙ ንገሩ።

የእረኛውን ነገር ልጨርስላችሁ። የጤና ሠራተኛዋ ከተረፈው ላይ ሦስተኛውን አጎበር ሰጠችን። እኔና አባወራው ሆነን ከጎጆዋ ማገር ላይ ሰቀልንለት። በመዝገቡ ላይ «ፈርም» ስለው አውራ ጣቱን አላቀረበም፤ እስክሪብቶውን ተቀብሎ ስሙን ጻፈ። አንዷ ፊደል ተገልብጣለች፤ ቢሆንም ይነበባል። በአምስት ላይ መስመር አስምሬ ስድስት ብዬ አረምኩ።

እናንተም ዛሬ ማታ መብራት ከመጥፋቱ በፊት በቤታችሁ የሚያድረውን ቁጠሩ፤ በረቱንም ደጃፉንም እዩ። ከዚያም የተዘረጋውን አጎበር ቁጠሩ። ሁለቱ ካልተመጣጠኑ ነገ ጠዋት ጤና ኬላ ሂዳችሁ ንገሩ። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ላላነበበ ያንብብለት።